ጥንቸሌ ጆሮ ላይ መዥገር አገኘሁ፤ የውሻውን መድኃኒት ላድርግላት?

የሙልሙል_እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡12

ሰላም ለዚህ ቤት። ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ቸገረኝ።

ሙልሙል የምትባል ነጭ ጥንቸል አለችን። ስሟን ያወጣችላት የ8 ዓመት ልጄ ናት፤ ያመጣናት በቡሄ ሰሞን ነበር። ብርዱን ቤት ውስጥ አሳልፋ ካለፈው ወር ጀምሮ ቀን ቀን ጓሮ እናወጣታለን። ባለቤቴ ከአጥሩ ጥግ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር በሽቦ ከልሎ መሮጫ ሠርቶላታል። ማታ ትገባለች።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ስትደባብሳት «እማዬ፣ ጆሮዋ ላይ ምስር ተለጥፏል» አለችኝ። ግራጫ፣ ድፍን ምስር የሚያክል ነገር ነው። ኪንታሮት መስሎኝ ነካ ሳደርገው እግሮቹ ተንቀሳቀሱ! ከጆሮዋ ኋላ ደግሞ ሁለት ትንንሾች አሉ። ልጄ እያለቀሰች ነው። ጥንቸል የሚያይ ሐኪም ደውዬ ያገኘሁት ቀጠሮ ለሰኞ ነው።

ቤት ውስጥ የውሻችን የመዥገር ጠብታ አለ፣ ማጅራት ላይ የሚንጠባጠበው። ባለቤቴ ትንሽ ቀንሰን እናድርግላት ይላል። ይቻላል? መዥገሩንስ እንዴት ነው የማወጣው?

---

ጓሮ_ቨርጂኒያ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡20

አይዞሽ እህቴ። እኔ ለሁለት ውሾቼ በየወሩ እሱን ነው የምጠቀመው፣ አንድ መዥገር አይቼ አላውቅም። ጥንቸሏ ትንሽ ስለሆነች ሩቡን ብታደርጊላት ይበቃታል።

---

ነጭ_ጋዋን (የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት) | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡26

ቆዪ! ጠብታውን እንዳታደርጊባት! ማሸጊያውን ገልብጠሽ የንጥረ ነገሩን ስም አንብቢልኝ። ፊፕሮኒል የሚል ካለ ለጥንቸል መርዝ ነው። ሩቡም ሩብ መርዝ ነው እንጂ መድኃኒት አይሆንም። ውሻና ድመት የሚችሉትን የጥንቸል አካል አይችለውም፤ መብላት ታቆማለች፣ ትደነዝዛለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ብዙዎቹ ይሞታሉ። ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ስለሚችል «ይኸው ምንም አልሆነችም» ብሎ መዘናጋትም አለ። የመዥገር አንገት ማሰሪያም እንደዚሁ፣ ለጥንቸል አይሆንም።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ አለሽ? ቅንድብ የሚነቀልበት ሰፊ አፍ ያለው ሳይሆን ሹሉ። ባለቤትሽ ሙልሙልን በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይያዛት፣ ጭንቅላቷ ብቻ ይውጣ። በጀርባዋ እንዳታስተኟት። ጥንቸል ስትደነግጥ በኋላ እግሯ በኃይል ስለምትራገጥ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። አንቺ ጓንት አድርጊ፤ ከሌለ በሶፍት ያዢ። ጸጉሩን ገለጥ አድርገሽ መዥገሩን በሆዱ ሳይሆን ከቆዳው ጋር በተጣበቀበት፣ ከአፉ በኩል ያዢው። ከዚያ ቀስ ብለሽ፣ ሳትጠመዝዢ፣ ሳትነጥቂ፣ ቀጥታ ወደ ላይ ሳቢ። ቆዳው ትንሽ አብሮ ይነሳል፤ ታገሺው፣ ይለቃል። ቦታውን በሳሙናና በውሃ ጥረጊው። መዥገሩን በጣትሽ እንዳታፈነጂው። አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ክተቺውና ሰኞ ለሐኪሙ አሳዪው።

እባክሽ አንድ ነገር ደግሞ፦ በሆዷ ግራና ቀኝ ተሰልፈው የምታገኛቸው ትንንሽ እብጠቶች ጡቶቿ ናቸው። መዥገር መስሏቸው ሊነቅሉ የታገሉ ሰዎች መጥተውብን ያውቃሉ።

---

ጡረተኛው | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡51

ልጆች፣ ወረንጦ ስትሉ ያደግሁበት ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ ወረንጦ ከአንገት ክር አትለይም ነበር፤ እሾህም መዥገርም በእሷ ነው የሚወጣው። የላም ጡት ላይ ያበጠውን መዥገር ነቅለን ለዶሮ እንጥላለን፣ ዶሮዋ ተሻምታ ትውጠዋለች። ወረንጦ ከሌለ ደግሞ ጫፉ የነደደ እንጨት ጠጋ ማድረግ ወይም ነጭ ጋዝ ጠብ ማድረግ ነው፤ ራሱ ለቆ ይወድቃል። የልጅቱ እናት ይህን ብትሞክሪ ቅቤም ይሠራል።

---

ነጭ_ጋዋን | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡02

ጋሼ፣ የወረንጦው ወግ ደስ ይላል፤ እሱን እንዳሉት ነው። እሳቱንና ጋዙን ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና እቃወማለሁ። መዥገር ሲቃጠል ወይም ቅቤ ሲቀባና ሲታፈን ቶሎ አይለቅም። ሲጨነቅ ደግሞ በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ መልሶ ሊተፋው ይችላል፣ በሽታ ካለበት አብሮ ይገባል። ጥንቸል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጸጉሯን ስትልስ ነው የምትውለው። ጋዙ በቆዳዋም በሆዷም ይገባል። ላምና ጥንቸል በዚህ አይገናኙም።

---

ጡረተኛው | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡10

ተቀብያለሁ ልጄ። ባለሙያ ሲናገር ዝም ማለት ነው።

---

ትዕግሥት_አትላንታ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡15

@ጓሮ_ቨርጂኒያ ልወቅስህ አይደለም፣ እኔም አላውቅም ነበርና። የዛሬ ሦስት ዓመት ጥንቸሌ ላይ ቁንጫ አየሁና የድመቴን ጠብታ ግማሽ አደረግሁላት። ሱቁ ውስጥ ያገኘሁት ሠራተኛ «ያው አንድ ነው» ብሎኝ ነበር። ማታ ደህና ነበረች። በማግስቱ ካሮት ሳቀርብላት ፊቷን አዞረች፣ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ተንቀጥቅጣ ሞተች። በኋላ ማሸጊያውን ሳነበው «ጥንቸል ላይ አይጠቀሙ» ይላል፣ በጥቃቅን ፊደል። እስከ ዛሬ ያንን ካርቶን አልጣልኩትም።

---

ጓሮ_ቨርጂኒያ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡22

ውይ። አፌን በቆረጠው። የሙልሙል እናት፣ የጻፍኩትን እንዳላነበብሽ ቁጠሪው። እንዲያው ለመሆኑ፣ አንድ ሰው አድርጎት ቢሆን ምን ይደረጋል?

---

ነጭ_ጋዋን | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡30

ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዳትልሰው ወዲያው መከልከል፣ ጠብታው ያረፈበትን ቦታ ብቻ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ደጋግሞ ማጠብ፣ አድርቆ ማሞቅ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ። ሌሊት ከሆነ አሜሪካ ላሉ ኤኤስፒሲኤ የሚባለው የእንስሳት ጥበቃ ድርጅት የመመረዝ ስልክ መስመር 24 ሰዓት ይሠራል፤ ያስከፍላሉ፣ ግን ይመልሳሉ። ሙሉ ገላዋን ገንዳ ውስጥ መንከር አይደረግም፣ በድንጋጤና በብርድ ብቻ ልትሞት ትችላለች።

---

የሙልሙል_እናት | ቅዳሜ፣ ቀን 7፡40

ወጥቷል! ሦስቱም። ጠብታውን አየነው፣ ፊፕሮኒል ይላል። ባለቤቴ ዝም ብሎ ወስዶ የውሻው ዕቃ ያለበት ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። አምስት ደቂቃ ዘግይተሽ ቢሆን... ተይው።

ትልቁ ሙሉውን ወጣ። ከትንንሾቹ የአንዱ ግን አፉ ቀረ መሰለኝ፣ ጥቁር ነጥብ ትታያለች። በመርፌ ልቆፍረው?

---

ሸዋዬ_ነኝ | ቅዳሜ፣ ቀን 7፡55

እግዚአብሔር ይመስገን! እህቴ፣ አትቆፍሪው፣ ያመረቅዛል። እኔ የምልሽ ለቅድመ ጥንቃቄ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ካለሽ ትንሽ በውሃ በጥብጠሽ ስጫት። ለወደፊቱ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠሽ ጆሮዋን ብታሺው መዥገር ዝር አይልም። የሻይ ዛፍ ዘይትም አለ፣ ተፈጥሯዊ ነው፣ ኬሚካል የለውም።

---

ነጭ_ጋዋን | ቅዳሜ፣ ቀን 8፡11

ሸዋዬ፣ ልብሽ መልካም ነው፤ አለመቆፈሩ ላይ እንስማማለን። የቀረችዋን ነጥብ ቆዳው ራሱ ገፍቶ ያወጣታል።

ሌሎቹን ሦስቱን ግን አንድ በአንድ ልቃወምሽ። አሞክሳሲሊን በአፍ ለጥንቸል ገዳይ ነው። ምግቧን የምትፈጭላት አንጀቷ ውስጥ ያሉት ደግ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱን ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ ሲያጠፉ ክፉዎቹ ይፈሉና መርዝ ያመነጫሉ። በተቅማጥ ታልቃለች። ለጥንቸል የሚሆኑ አንቲባዮቲኮች አሉ፣ ግን ሐኪም ሲያዝ ነው፤ ከቤት መሳቢያ የሚወጡ አይደሉም። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሷን ይጎዳሉ፣ የቀባሽውን ሁሉ ደግሞ ትልሰዋለች። የሻይ ዛፍ ዘይትም መርዟ ነው። ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው፤ አያቶቻችን መጠኑን ሳያውቁ አይጠጡትም ነበር።

የሙልሙል እናት፦ እስከ ሰኞ የምትከታተይው መብላቷንና ፈግ መጣሏን ነው። 12 ሰዓት ያህል ካልበላች ወይም ፈጉ ከቆመ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ነው። ድዷን ገለጥ አድርገሽ እዪ፤ ሮዝ መሆን አለበት። ከነጣ ደም አንሷታል ማለት ነው፣ ብዙ መዥገር ትንሽ እንስሳ ላይ ሲሰፍር ያደርሳል። የኋላ እግሯ መጎተት ከጀመረም እንደዚሁ፣ አንዳንድ መዥገር ምራቁ ሽባ ያደርጋል።

---

ኮኔቲከት_ነዋሪ | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡05

ዘግይቼ ነው ያየሁት። መዥገር የሚያስተላልፈው ላይም የተባለው በሽታ ስሙን ያገኘው እኔ ካለሁበት ግዛት ከላይም ከተማ ነው፣ ስለዚህ መዥገር እዚህ የጎረቤት ወሬ ነው። ከማውጣቱ ይልቅ እንዳይመጣ በሚደረገው ላይ ላተኩር።

እህት፣ ችግርሽ ያለው በጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፦ «ከአጥሩ ጥግ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር»። ብዙ ሰው መዥገር ከዛፍ የሚወድቅ ይመስለዋል። አይዘልም፣ አይበርም፣ አይወድቅም። ሣር ወይም ቅጠል ጫፍ ላይ ይወጣና የፊት እግሮቹን ዘርግቶ አላፊ ይጠብቃል፤ ሲነካው ይያዛል። የሚፈራው መድረቅን ነው። የረገፈ ቅጠል፣ ጥላና እርጥበት ባለበት ይኖራል፣ ፀሐይ በሚመታው አጭር ሣር ላይ አይቆይም። የእናንተ መሮጫ ያለው ለመዥገር በተመረጠ ቦታ ነው።

መጠናቸውንም ለልጅሽ አሳውቂያት። ከእንቁላል እንደወጣ ከጤፍ አይበልጥም፣ እግሩም ስድስት ብቻ ነው። ቀጥሎ ስምንት እግር ያወጣል፣ ግን አሁንም የጤፍ ዘመድ ነው። ሲያድግ ሰሊጥ፣ ደም ሲጠግብ ምስር። እናንተ ያያችሁት የጠገበውን ነው። ከግንቦት እስከ ሐምሌ የሚበዛው ያ ጤፉ ነው፣ በነጭ ጸጉር ላይ እንኳ በጣት እየዳሰሱ ካልሆነ በዓይን አይገኝም።

እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። የረገፈውን ቅጠል ጠርጌ አስወገድኩ፣ ሣሩን አሳጠርኩ፣ ጫካውና ሣሩ በሚገናኙበት መስመር ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር አፈሰስኩ። ደረቅ ጠጠር ለመዥገር በረሃ ነው። ድርቆሹንና መኖውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አደረግሁ፣ ምክንያቱም አይጥ ይስባል፤ የላይም ባክቴሪያ በአብዛኛው ከአይጥ ነው ወደ መዥገር የሚገባው። አጋዘን በሽታውን ለመዥገሩ አይሰጥም፣ ግን ያደገው መዥገር የሚጠግብበት ማዕድ እሱ ነው።

ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መግደያ የተነከረ ጥጥ ያለበት ቱቦ ለአይጦች የሚያስቀምጡም አሉ፤ አይጧ ጥጡን ለጎጆዋ ትወስደዋለች፣ መዥገሯ ይሞታል። ጥንቸል ግን ያገኘችውን የምታኝክ ፍጡር ስለሆነች ከመሮጫዋ አጠገብ እንዳታደርጊው።

ከሁሉ በፊት ግን ጓሮሽን ለኪው። አሮጌ ነጠላ ውሰጂ፣ በዱላ ላይ እሰሪውና ሣሩ ላይ ቀስ ብለሽ ጎትቺው። በየአስር እርምጃው ገልብጠሽ እዪ። ነጭ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲሄድ ታያለሽ። ተመራማሪዎችም በነጭ ጨርቅ እንዲሁ ነው የሚሠሩት።

---

ሸዋዬ_ነኝ | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡19

ነጠላ በሣር ላይ መጎተት?! እናትህ ይህን ሰምተዋል?

---

ኮኔቲከት_ነዋሪ | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡23

የእሷው ነው። 😄 ጥለቱ የተቀደደ ነበር።

---

ቢሾፍቱ_ሐኪም | እሑድ፣ ጠዋት 1፡30

ሰላም ከቢሾፍቱ። የእንስሳት ሕክምና ተምሬ እዚሁ ነው የምሠራው። አገር ቤት ጥንቸል የሚያሳድጉ እየበዙ ስለሆነ ለእነሱም ልጻፍ፤ ሰው «ለማይበላ እንስሳ ሐኪም?» ብሎ ቢስቅም።

እዚህ ጥንቸል ብዙ ጊዜ ግቢ አትለቀቅም፣ በሣጥን ነው የምትቀመጠው፤ መዥገሩ ግን በሣር ይመጣላታል። ከመንገድ ዳር የሚገዛው እርጥብ ሣር ከብት ከሚግጥበት የታጨደ ነው። ለበዓል የተጎዘጎዘውን ቄጤማ ጠርጎ ለጥንቸል መስጠትም የተለመደ ነው፣ ቄጤማውም የመጣው ከረግረግ ከብት ከሚውልበት ነው። በተለይ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ መስከረም ላይ። ሣሩን አራግፋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡትና ሲደርቅ ስጡ።

የትኛው መዥገር ነው ለሚል፦ ሰማያዊ የሚባለው የከብት መዥገር ዕድሜውን ሁሉ አንድ ከብት ላይ የሚጨርስ ስለሆነ ጥንቸልን ብዙም አይፈልግም። እግሩ ቀይ የሆነው ሌላው ዓይነት ግን ሕፃንነቱን ጆሮ ውስጥ፣ ጥልቅ ገብቶ ያሳልፋል፣ የዱር ጥንቸል ጆሮም ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የጆሮ ውጪውን ብቻ አይታችሁ አትተዉት። ጭንቅላቷን ደጋግማ የምታራግፍ ወይም ጆሮዋን የምትቧጥጥ ከሆነ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ እዩ። ጥልቅ ያለውን እናንተ አትንኩት፣ ወደ እኛ አምጡ።

አንድ የማዝንበት ነገር፦ ለከብት የሚረጨውን ዳያዚኖን የተባለ የመዥገር መርዝ በጥብጦ ጥንቸል ላይ የሚረጭ አለ። ለከብት የተበጠበጠውን ጥንቸል ላይ መርጨት እሷንም ከመዥገሩ እኩል መመረዝ ነው።

---

ኔታንያ_82 | እሑድ፣ ጠዋት 4፡00

ከእስራኤል። እኛ ጋ «ቀርጺያ» ነው የሚሉት፣ ልጆቼ መዥገር የሚለውን ቃል ከእኔ ነው የሰሙት። እዚህ የሚያስቸግረው ቡናማው የውሻ መዥገር ነው፣ እሱ ደግሞ ኮኔቲከት ከነገረን በተለየ እርጥበት አይፈልግም። የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ ይራባል። ውሻ ካላችሁ መጀመሪያ ውሻውን ሐኪሙ በሚያዘው ጠብቁ፤ ግን በጠብታ ከሆነ እስኪደርቅ ድረስ ጥንቸሏን አታቀራርቧቸው። የእኛዎቹ ተቃቅፈው ነው የሚተኙት፤ ጥንቸሏ የውሻውን አንገት ትልሳለች። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ የውሻውን መድኃኒት ወደሚዋጥ እንክብል ቀየረው። እናንተም ጠይቁ።

---

ነጭ_ጋዋን | እሑድ፣ ጠዋት 4፡20

ይህን እኔ መጻፍ ነበረብኝ። እናመሰግናለን!

---

ዝምተኛው | እሑድ፣ ቀን 9፡00

ስለ ጥንቸል አላውቅም፤ ስለ መዥገር ግን አንድ ልጨምር። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ጀርባዋ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ያለባት መዥገር አለች፣ «ሎን ስታር» ይሏታል። ባለፈው ዓመት ጓሮ ሣር ሳጭድ ነከሰችኝ። ከወር በኋላ ክትፎ በላሁ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሰውነቴ ሁሉ አብጦ ስነቃ ሞትኩ አልኩ። ሐኪሙ አልፋ ጋል የሚባል አለርጂ ነው አለኝ፤ መዥገሯ ስትነክስ የምትተወው ነገር ሰውነትን ከቀይ ሥጋ ጋር ያጣላል። የሚነሳውም ከበሉ ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሥጋውን የሚጠረጥር የለም። አሁን ፍስክም ጾምም አንድ ሆኖብኛል። ዶሮና ዓሣ ግን እበላለሁ። ጥንቸሏን ስትፈትሹ ራሳችሁንም ፈትሹ።

---

ጓሮ_ቨርጂኒያ | እሑድ፣ ቀን 9፡12

ክትፎ?!! አሁን ፈራሁ። ዛሬውኑ ጠጠር ልገዛ ነው።

---

የሙልሙል_እናት | ሰኞ፣ ማታ 1፡30

ወሬ ላድርሳችሁ፣ አንድ አስፈሪ ነገርም አለ።

ሐኪም ዘንድ ሄድን። ድዷ ሮዝ ነው፣ ጆሮዋ ውስጥ ንጹሕ ነው። ብልቃጡን አይተው ትልቁ የጥንቸል መዥገር የሚባለው ነው አሉ፣ የዱር ጥንቸሎች ላይ የሚኖር። በክብደቷ ለክተው ሴላሜክቲን የሚባል አደረጉላት፤ ለቅንቅንና ለቁንጫ ጥሩ ነው፣ ለመዥገር ግን እንደ አጥር እንዳትቆጥሩት፣ እጃችሁ ነው አጥራችሁ አሉን። ላይም በጥንቸል ላይ እንደ ውሻ በብዛት የሚታይ እንዳልሆነም ነገሩን።

የኮኔቲከቱን ነጠላ ሞከርኩ፣ ትናንት ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ። ከዛፉ ሥር 7፣ በአጥሩ መስመር 4፣ መሃል ሣሩ ላይ ምንም! ልጄ እየቆጠረች ጻፈችው።

አስፈሪው፦ ከአጥሩ ሥር የሞተ የዱር ጥንቸል አገኘን። ባለቤቴ በአካፋ ሊያነሳው ሲል አስቆምኩት። ምን እናድርግ?

---

ነጭ_ጋዋን | ሰኞ፣ ማታ 1፡44

በደንብ አስቆምሽው። ልጅቷን፣ ውሻውንና ሙልሙልን ከጓሮ አስገቢ። ለካውንቲው (ለአካባቢው አስተዳደር) የእንስሳት ቁጥጥር ክፍል ደውሉ፤ እስኪመጡ አትንኩት፣ በዚያ በኩል ሣርም አትጨዱ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። ቱላሪሚያ የሚባል በሽታ አለ፣ ሕዝቡ የጥንቸል ትኩሳት ይለዋል። የዱር ጥንቸልን በቀናት ውስጥ ይገድላል፣ ወደ ሰውም በመዥገር ንክሻ፣ የታመመውን በመንካት፣ እንዲያውም በትንፋሽ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 በማሳቹሴትስ በማርታስ ቪንያርድ ደሴት 15 ሰው ታመመ፣ አብዛኞቹ ሳንባቸውን፤ ሲጣራ ሣር ማጨድና ቁጥቋጦ መመንጠር ነበር ያገናኛቸው። በአንቲባዮቲክ ይድናል፣ ግን ሐኪሙ ካልጠረጠረው ይዘገያል። እናንተም በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ቢይዛችሁ «የሞተ ጥንቸል ግቢያችን ነበር፣ መዥገርም ነቅለናል» ብላችሁ ንገሩ። ምናልባት ጭልፊት የጣለው ይሆናል፤ ቢሆንም።

የዱር ጥንቸል እንዳይገባ የመሮጫው ሽቦ ከመሬት ትንሽ ይቀበር፣ ግቢውን የሚጋሩት መዥገሩን ነው የሚያወርሷት።

---

ኮኔቲከት_ነዋሪ | ሰኞ፣ ማታ 2፡10

7 እና 4 እና ባዶ! ነጠላው መሰከረ። መሮጫውን መሃል ሣሩ ላይ አምጡት።

---

ትዕግሥት_አትላንታ | ሰኞ፣ ማታ 2፡16

አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ፀሐይ መዥገርን እንደምትገድል ጥንቸልንም ትገድላለች። ጥንቸል አታልብም፣ ሙቀቷን የምታወጣው በጆሮዋ ነው፤ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሆን መጨነቅ ትጀምራለች። የሜሪላንድን ሐምሌ ታውቂዋለሽ። ጥላውን ከዛፍ ሳይሆን ከጣውላ ወይም ከሸራ ስሩላት፣ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ አስቀምጪላት፣ በሞቃት ቀን ጠዋትና አመሻሽ ብቻ አውጫት። በዚያውም ከጅራቷ ሥር እዪ፤ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ዝንብ እንቁላል ትጥልበታለች፣ ትሉ በአንድ ቀን ይፈለፈላል። እሱ ከመዥገሩ ይብሳል።

---

የሙልሙል_እናት | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡05

ሳምንት ሆነን። ካውንቲው ሰው ልኮ የሞተውን ወሰደ፣ እስካሁን ሁላችንም ደህና ነን። መሮጫው መሃል ሣሩ ላይ ነው፣ ባለቤቴ በጣውላ ጣራ ሠራለት። ሽቦውን ሲቀብር ግማሽ ቀን ሲያጉረመርም ነበር።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ የሰፈሩ ማኅበር ሳይነግረን የትንኝና የመዥገር መርጫ ላከ! ሰውዬው ታንክ ተሸክሞ አጥሩን ሊረጭ ሲል ልጄ «እዚህ ጥንቸል ሣር ትበላለች!» ብላ ጮኸችበት። ሰውዬው ሳቀ፣ ግን ተመለሰ። ለማኅበሩ ጽፌያለሁ፣ ከእኛ ጓሮ በፊት እንዲነግሩን።

ፍተሻው የልጄ ሥራ ሆኗል። ማታ ሙልሙል ስትገባ ጆሮ ውስጥና ኋላ፣ የዓይን ዙሪያ፣ የአገጭ ሥር እጥፋት፣ ብብት፣ በጣቶቿ መካከል፣ ጅራት። በዚያው ቅደም ተከተል ነው፣ እኔ ብዘል ትቆጣኛለች። ሐሙስ ዕለት አንዲት ጤፍ አገኘች፣ ገና ያልጠገበች። ወረንጦውን ራሷ አመጣችልኝ።

ጡረተኛው ጋሼ፣ እናቴ ከአገር ቤት ስትመጣ ከአንገት የሚንጠለጠለውን ወረንጦ እንድታመጣ ነግሬያታለሁ። የእርስዎን አንብቤላት ነበር።

---

ጡረተኛው | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡40

ተባረኪ። ልጅቱንም ሳሚልኝ። ዶሮ ግን አስገቡ እላለሁ።

---

ነጭ_ጋዋን | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡48

ጋሼ! ዶሮና ጥንቸል አንድ ቤት በሽታ ይዋዋሳሉ። ለየብቻ ከሆነ እስማማለሁ።

---

የሙልሙል_እናት | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡55

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ እንዳትስቁ። ያ ለመጎተት የተጠቀምኩበት ነጠላ ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ጋራዥ ተቀምጧል። ባጥበው መዥገሩ ይሞታል ወይስ ልጣለው? ደህና ነጠላ ነው፣ ቸኩዬ የያዝኩት።

---

ነጭ_ጋዋን | ቅዳሜ፣ ጠዋት 5፡01

አትጣዪው። ውሃ ብቻውን አይገድላቸውም፣ በተለይ ቀዝቃዛው። ሳታጥቢው፣ ደረቁን፣ መጀመሪያ ማድረቂያው ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አዙሪው። የሚገድላቸው ደረቅ ሙቀት ነው። ከዚያ እጠቢው። ጓሮ የዋልሽበትን ልብስም እንደዚሁ አድርጊ።

---

ሸዋዬ_ነኝ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 5፡06

ነጠላ ማድረቂያ ውስጥ! ይሰበሰባል እኮ!

---

የሙልሙል_እናት | ቅዳሜ፣ ጠዋት 5፡30

ተሰበሰበ። ለልጄ ልኳ ሆነ።